ሳላልፍ የገባ ስለት

የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ወድቄያለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው፤ ላሊበላ ውስጥ ሳትጠይቁት የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን "ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ መልስ አትምረጡ" እያልኩ ስቆጣ ነው የኖርኩት። ለፈተናው ወልድያ ስሄድ ግን ከቴሌግራም አውርጄ ያሳተምኩትን የድሮ ጥያቄ ሁሉ ከነመልሱ በቃሌ ይዤው ነበር። ያደግኩት የቤተ ክህነት ቤት ውስጥ ነውና በቃል መያዝ አይቸግረኝም። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ የመጣው ጥያቄ የማውቀውን ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው፣ የሚጠይቀውም ሌላ ነው። የእንግሊዝኛ ንባቡ ክፍል ላይ ተዘፍዝፌ ቆይቼ ሒሳቡ ጋ ስደርስ ሰዓቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የቀረውን እንደመጣልኝ ጠቅ ጠቅ አድርጌ ወጣሁ። ደግሞ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር! ከሁሉ ይልቅ ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

አባቴ ከከተማው ወጣ ባለች የማርያም ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔም ከተማሪዎቹ አፍ ሰምቼ የኔታ እያልኳቸው አደግኩ። በእሳቸው ትምህርት ቤት ተማሪ ዓመታት ቁጭ ብሎ ይማራል፣ የተማረውን ለመምህሩ ያሰማል፣ ይታረማል፣ እንደገና ያሰማል። መምህሩ "በቃህ" ሲለው ብቻ ወደ ምስክር ቤት ይላካል፤ እዚያ ያሉት ሊቃውንት ሰምተውት ማወቁን ይመሰክሩለታል። ሳይበቃ የሚላክ የለም፤ ተልኮ የወደቀም እሳቸው ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ እኔ ለመፈተን ወልድያ መሄዴ ለእሳቸው "በቃሽ" ተብዬ መላኬ ነበር።

ልጄ ይህን ትምህርት ካገኘችልኝ ለማርያም ጥላ አስገባለሁ ብለው ተስለው ኖሯል። እኔ የተፈተንኩ ዕለት ማግስት የደብሩ ዓመታዊ በዓል ነበር። የኔታም ጥላውን ይዘው ሄዱ። የደብሩ አስተዳዳሪ ሕዝቡ ፊት ቆመው "የኔታ ልጃቸው ለማስተርስ በቅታላቸው ስለታቸውን አስገብተዋልና እልል በሉ" አሉ፤ ሕዝቡም አላሳፈራቸውም፣ አቀለጠው። እኔ ያን ሰዓት ከወልድያ ስመለስ መንገድ ላይ፣ ጋሸና ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነበር።

ላሊበላ ስገባ የባጃጁ ሹፌር "እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ "አብሮ ደስ ይበለን" ብዬ ተሳፈርኩ። ነገሩን ቤት ስደርስ እናቴ ነገረችኝ። ወዲያው ወደ አባቴ ሮጥኩ።

"የኔታ፣ ውጤቱ እኮ ገና አልመጣም!"

"ይምጣ እንግዲህ" አሉኝ በእርጋታ። አንድ ነገር ይመጣል ተብሎ ለምን እንደምደነግጥ የገባቸው አይመስሉም።

ውጤቱ የመጣው ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ስጠጣ ነው። ከማለፊያው በታች ነው፤ ያውም ለጥቂት ነው ተብሎ የሚጽናኑበት ዓይነት አይደለም። ስልኬን ደፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ክፍለ ጊዜዬ ደርሶ ስለነበር ገብቼ ስለ ኩላሊት አስተማርኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም።

ከዚያ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ከግቢው አጥር ሥር ተቀምጠው ተማሪ ያርሙ ነበር። ተማሪው ጨርሶ እስኪነሣ ጠበቅኩ።

"የኔታ፣ አላለፍኩም።"

"ምኑን?"

"ፈተናውን።"

ቀና ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ግራ ገብቷቸው፣ "ታዲያ ማን ላከሽ?" አሉኝ።

"ማንም አልላከኝም። ራሴ ተመዝግቤ ነው የሄድኩት።"

"ሳታሰሚ? ማንም ሳይሰማሽ?"

"አዎ፣ የኔታ።"

ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ። በኋላ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ "ያን ሁሉ ሕዝብ እልል አስባልኩት እኮ" አሉ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር! የኔታ ግን በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ብድግ አሉ። "ልጄ አላለፈችም። እኔ ቸኩዬ በሐሰት እልል አስብያችኋለሁና ይቅር በሉኝ" ብለው ጎንበስ አሉ። እኔ በሴቶቹ በኩል ቆሜያለሁ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ጎትቼ መሬት መሬት አየሁ። "እግዚአብሔር ይፍታ" የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ። በዚያው ሳምንት ሴቶች ቤታችን እየመጡ ልክ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከእናቴ ጎን እየተቀመጡ፣ "አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል" ይሏት ጀመር። አንዷማ ቆሎ ይዛ መጣች። እኔ ጓዳ ተደብቄ እሰማለሁ። አባቴ ስለ እኔ አጎንብሰዋል፣ እናቴ ስለ እኔ ትጽናናለች፤ እኔ ደግሞ ጓዳ ነኝ። ራሴን ጠላሁት።

በድጋሚ ለመፈተን የተመዘገብኩት ዲግሪውን ፈልጌ ነው ብል ሐሰት ነው። ያን ጎንበስ ማለታቸውን የምክስበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው።

አጠናሁ፤ ግን በዚያው በድሮው መንገድ። ሌላ የጥያቄ ክምር አውርጄ እሱንም በቃሌ መያዝ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የኔታ ጠሩኝና አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ። ተማሪዎቻቸው የሚቀመጡበት ድንጋይ ነው።

"ተቀመጪ። አሰሚኝ።"

"የኔታ፣ በእንግሊዝኛ እኮ ነው። ሒሳብም አለው።"

"በአማርኛ አድርጊዋ! የሳትሽውን አንዱን አምጪ።"

አንድ የመቶኛ ጥያቄ በአማርኛ አልኩላቸው፤ የዋጋ መጨመርና መቀነስ ነገር ነው። "መልሱ ሐ ነው" ብዬ ጨረስኩ።

"ለምን ሐ ሆነ?"

"የመልሱ ወረቀት ላይ ሐ ስለሚል።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

ያን ጥያቄ በልቤ ይዤው ነበር፤ ግን አላውቀውም። ስንት ተማሪ እንደዚህ ሲመልስልኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼበት እንደማውቅ ትዝ ሲለኝ ፊቴ በርበሬ መሰለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳትኩትን ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ቀጥሎ እኔን የሳበኝ ስሕተት ለምን እንደሳበኝ ለየኔታ ማስረዳት ግዴታዬ ሆነ። የኔታ መቶኛ አያውቁም። አንዳንዴም ያሸልባቸዋል። ግን ሳልረዳ ሳነበንብ ዜማ እንደሳተ ተማሪ ያቋርጡኛል፤ "እዚህ ላይ ድምፅሽ ወረደ፣ ሂጂና አስተካክለሽ ነይ" ይሉኛል። አልፎ አልፎም በከንቱ ያቋርጡኝ ነበር። አንድ ጊዜ ድምፄ የወረደው መልሱን ስቼ ሳይሆን፣ ክፍሌ ውስጥ የማስተምራት ልጅ በአጥሩ በኩል ስታልፍ አይታኝ ነው። መምህርቷ ከቆሎ ተማሪ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትታረማለች። በማግስቱ ክፍል ስገባ ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሁሉ ፀጥ አሉ፤ ከመንሾካሾካቸው ይልቅ ፀጥታው ገደለኝ።

ትልቁ ቁስሌ ሒሳቡ ነበር። ንባቡን ስለምወደው እሱን ብቻ ደጋግሜ እሠራና ሒሳቡን ለነገ እለዋለሁ። በመጨረሻ ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ካለው አንደኛ ደረጃ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ተዋስኩ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቁት ሰውዬ ለማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ለእህቴ ልጅ" አልኩ። እህት የለኝም። በዚያ መጽሐፍ ከክፍልፋይ ጀምሬ ተማርኩ። መብራት ሲኖር ደግሞ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ፣ የስልኬን ሰዓት አጠገቤ አድርጌ፣ ያስቸገረኝን እየዘለልኩና ወደ ኋላ እየተመለስኩ መሥራት ለመድኩ። መዝለል ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ቤታችን አንዲት ቃል መዝለል ያስገሥጻል።

ልሄድ ስል የኔታ ዘንድ ገባሁ። "በቅቻለሁ፣ የኔታ?" አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ "በቃሽ" እንዲሉኝ ነበር የፈለግኩት።

"የአንቺን ትምህርት እኔ ምን አውቄ" አሉ። ቀጥለው፣ "ሂጂና ሞክሪ" አሉኝ። ለየትኛውም ተማሪያቸው "ሞክር" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ሞከርኩ። አለፍኩ፤ ያውም በደንብ። መጀመሪያ የነገርኩት ለእሳቸው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጸለዩ፣ ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ። እናቴ ጎረቤት እስኪሰማ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ይዘው አቆሟቸው። "የኔታ፣ የልጅዎ የትምህርት ነገር እንዴት ሆነ ታዲያ?"

እኔ ከኋላቸው ቆሜ ጠበቅኩ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ አላስችል አለኝ። "የኔታ፣ ማለፌን ለምን አልነገሯቸውም?"

"ስትመረቂ እነግራቸዋለሁ።" ጥቂት ራመድ አሉና፣ "ያኔም ወረቀቱን በዓይኔ ካየሁ" አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ቂምም አልነበረም፤ ከእኔ የተማሩት ጥንቃቄ እንጂ። ቂም ቢሆን ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።