ለጨዋታ ብለን የጠፋንበት ጫካ

ለሥራ ጅማ ከመጣሁ በኋላ የለመድኩት ጨዋታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። አንዳችን ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ በሌለ አገር የሚኖሩ ሰዎችን ሆነው ይጫወታሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ወንዝ አለ» ይላል፣ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ጠረጴዛው ላይ የሚጣለው ባለነጥብ ዳይስ ይወስናል። ተራኪዋ እኔ ነኝ። የሚጫወቱት ሁለት የፋርማሲ ተማሪዎችና እዚሁ ጅማ ተወልዳ ያደገች ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ተጫዋቾቼ በጨዋታው ጫካ ውስጥ የጠፉ ዕለት ነው። አንዱ ተማሪ ውሃ ጠማኝ አለ። ፈልግ አልኩት። ምን አይቼ ልፈልግ አለኝ። ዛፎቹ ምን ይመስላሉ፣ መሬቱ ረግረግ ነው ደረቅ፣ የሚበላ ፍሬ አለ ወይ እያለ ጠየቀኝ። እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ የማውቀው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ከኢንተርኔት ያወረድነው የጨዋታው መመሪያ ደግሞ የሚያወራው ስለ በረዶና ስለ ተኩላ ነው። «ትላልቅ ዛፎች ናቸው» አልኩ። ሦስቱም እስክቀጥል ጠበቁኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ጫካ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሳይ ሰነበትኩ። አንዱ ሰውዬ፣ ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር የሚበቅለው በሰሜን በኩል ብቻ ነው፣ እሱን ያየ አይጠፋም ይላል። ለጓደኛዬ ስነግራት ሄደን እንየው አለች። የአባቷ እህት የሚኖሩት ከጅማ ወጣ ብሎ ሸቤ ነው፤ ከቤታቸው ጀርባ ጫካ አለ፤ እሷም በልጅነቷ ክረምቱን የምታሳልፈው እዚያ ነበር።

እሷ አክስቷን «አዳዳ» ስለምትላቸው እኔም አዳዳ አልኳቸው። የተጠበሰ በቆሎ ሰጥተውን ስንቀመጥ፣ ጫካ ውስጥ የጠፋ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ጠየቅኳቸው። ጓደኛዬ በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። ማን ነው የጠፋው አሉ። ማንም አልጠፋም አልናቸው። ግራ ገብቷቸው፣ እንግዲህ የጠፋ ሰው ባለበት ተቀምጦ ይጣራል እንጂ ምን ያደርጋል አሉ። ባላቸው አልተስማሙም። ገደሉ ድምፅ ስለሚመልስ መጣራት ያሳስታል፤ ውሃውን ተከትሎ መውረድ ነው አሉ። ወንፊት ልትዋስ የገባች ጎረቤት ደግሞ ውሃ የተከተለ ረግረግ ውስጥ ይገባል፣ ዳገቱን መውጣት ነው አለች። ሦስቱ መከራከር ሲጀምሩ ኦሮምኛው ፈጠነ፣ ጓደኛዬም መተርጎሙን ተወችው። ተነስተን ስንወጣ የማንን ምክር እንደያዝኩ አላውቅም ነበር።

ጫካው ውስጥ የመጀመሪያውን ግንድ ስናይ አረንጓዴው ነገር ዙሪያውን ለብሶታል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነው። ሰሜን በሁሉም በኩል ነበር። ከትላልቆቹ ዛፎች ሥር ቡና አለ፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ቅርንጫፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ሰው የሌለበት ዱር ፍለጋ ነበር የመጣሁት፤ እዚህ ግን የሰው እጅ የሌለበት ቦታ ሳጣ ምን እንደማይ ጠፋኝ። እያንዳንዱን እያየን፣ ዛፍ ላይ ያሉ ጉሬዛዎችንም አንጋጠን እየተመለከትን ስንሄድ ጉም ወረደ። ስንመለስ የመጣንበት ዱካ የለም። ስልካችንም ኔትወርክ አልነበረውም።

መጀመሪያ ሳቅን። ጓደኛዬ በጨዋታው ውስጥ መንገድ የማይጠፋት አዳኝ ናት፤ እስቲ ምሪን አልኳት። ወደ ቀኝ መራችኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቆመች። ልጅ ሆና እዚህ ቡና ለቅማለች፤ ቦታው ግን አንዱም አልታወቃትም። ሳቋ ጠፋ። ዞር ብላ አየችኝና፣

«አንቺ አይደለሽ እንዴ መንገዱን የምታውቂው?» አለችኝ።

እየቀለደች አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ የት እንደሆነ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ደንግጣ ሁለቱ ተምታቱባት። የሚገርመው ግን የእኔ ነው። አላውቅም ማለት ሲገባኝ፣ ለአፍታ መንገዱን የት አድርጌው እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ።

ያን ጊዜ የቀትር ሶላት ጥሪ፣ የዙህር አዛን፣ ተሰማ። ደስ አለን፤ ወዲያው ግን ሌላ አዛን ከተቃራኒው በኩል ጀመረ። እሷ የአዳዳ ሰፈር መስጊድ በግራ ያለው ነው አለች፤ ለእኔ የቀኙ የሚቀርብ መሰለኝ። በግራ ሄድን።

ከቡና ሥር ስታርም የነበረች ሴት ዘንድ ደረስን። «ማል በርባዱ?» አለችን፤ ምን ትፈልጋላችሁ ማለቷ ነው። ጓደኛዬ አፏን ከፈተችና «ላም» አለች። ለምን እንዳለችው እስካሁን ልትነግረኝ አልቻለችም። ሴትየዋ መኮትኮቻዋን አስቀመጠች። መልኳ ምን ዓይነት ነው ስትል ጓደኛዬ ቀይ ናት አለቻት። ሴትየዋ ባሏን ጠራች፤ አራታችን ቀይ ላም እየፈለግን ቁልቁል ወረድን። ባልየው ሣሩን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ እኔም አብሬው አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ኮቴ አገኘሁ ብሎ ሲያሳየን ልቤ ደስ አለው። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ከሸቤ በታች ርቀን ወጥተን ነበር። ሴትየዋ እጄን ይዛ፣ አይዟችሁ፣ ኢንሻአላህ ትገኛለች አለችን። እውነቱን ልንነግራት ይገባ ነበር፤ ግን የትኛውን እውነት፣ ከየት ጀምረን?

በባጃጅ ተመለስን። አዳዳ ምን አገኛችሁ ሲሉን ጓደኛዬ «ምንም» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫካውን እንዳየሁት ተረክሁት፤ ጉሙን፣ ዙሪያውን የለበሰውን ግንድ፣ ከሁለት በኩል የሚጠራውን ድምፅ። ውሃ የጠማው ተማሪ ቀፎውንና ቡናውን ሲሰማ፣ ባለቤት ካለው ጫካ አይደለም፣ ባለቤት ከሌለው ቀፎውን ማን ሰቀለው ብሎ ሞገተኝ። ዳይሱን አቀበልኩት፤ ጓደኛዬ ወደ ጣሪያው ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጫካ ፍለጋ ሌላ ቦታም ሄጃለሁ፣ አጋሮም ሄጃለሁ። አጋሮ ከመንገዱ ገባ ብዬ፣ ሰማይ ከማያሳዩ ዛፎች ሥር ቆሜ፣ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌን ይሄ ጫካ የማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጫካ የለም እዚህ፤ ቡና ነው» አሉኝ።

አመስግኜ ቀና ብዬ አየሁ። ሸቤ ካየሁት ጫካ በምን እንደሚለይ ለማወቅ ብዙ ቆምኩ።