ሎሚው አቆጠቆጠ ብዬ ደወልኩ

ዛሬ ጠዋት መነጽሬን ሳላደርግ ስልክ ደወልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

በረንዳችን ላይ በቀለም ባልዲ የተተከለ ሎሚ አለ። ከገና ወዲህ ቅጠል የሚባል የለውም፤ ቆሞ የቀረ እንጨት ነው። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ከላይኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ለጋ፣ ሹል፣ ወደ ሰማይ ቀና ያለ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ቀረብ ብሎ ያረጋግጣል። እኔ ግን ወደ ሐሙሲት ከተማ ደወልኩና ለሎሚው ባለቤት «አቆጠቆጠልህ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ቡቃያውን ልዳስስ እጄን ስሰድ፣ ቡቃያው ዘሎ ግንቡ ላይ አረፈ። ፌንጣ ነበረች።

ባለቤቴ ከጓዳው በር ቆማ ሁሉን አይታለች። «ስትመለስ ውሃ አጠጣት» አለችኝ።

የሎሚው ባለቤት ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ሱቁ ከቤታችን ትይዩ ስለነበር ከነፋስ መውጫ ጭኜ በገሳይ በኩል ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። «ዛሬም ገደል አልገባህም?» ይለኛል፣ ቀና ሳይል፣ ማሽኑን እየረገጠ። እኔም የሰፋልኝን ሱሪ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ መልበስ ያስፈራል ብዬ አልፋለሁ። ሰላምታችን ይህ ነበር፤ በአንድ ጠጉራችን የጀመርነው፣ ጠጉር አልቆብንም አልተውነውም።

ሎሚውን ያበቀለው ሻይ ውስጥ ሲጨምቅ ከወደቀች ፍሬ ነው። ደብረ ታቦር የሎሚ አገር አይደለችም፤ ብርዷ ለሰውም አይመች። እሱ ግን ቀን ሙሉ ፀሐይ ከሚመታው የሱቁ ግድግዳ ሥር አስጠግቶ፣ ሲመሽ የጨርቅ ቁርጥራጭ ገጣጥሞ የሰፋለትን ልብስ እያለበሰ አሳደገው። በዚያ ሰፈር ከኔ ይልቅ ሎሚው ደህና ልብስ ነበረው።

ባለፈው መስከረም ደረቱ ጠናበትና ሐኪሙ ዝቅ ወዳለ፣ ሞቅ ወዳለ አገር ውረድ አለው። ልጁ ሐሙሲት ስላገባች ወደሷ ሊሄድ ተነሳ። ሎሚውን ሚኒባሱ ላይ ላስጭንለት ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ተወው። እሱን ይዤ ከሄድኩ አልመለስም ማለት ነው። አንተ ጋ ከቆየ ግን የምመለስበት ጉዳይ አለኝ።»

በዚያው ጠዋት፣ ማሽኑን ከመንቀሉ በፊት፣ የተተረተረውን የካፖርቴን ገበር ሰፍቶልኝ ነበር። ዋጋውን ስጠይቀው ሎሚው ላይ ካሉት አበቦች አንዷን አሳየኝ። «ይቺ ስታፈራ ሎሚዋን ትልክልኛለህ። ከገበያ ገዝተህ ብትልክ በጠረኑ አውቅብሃለሁ።»

ሎሚው እኛ በረንዳ ላይ በተቀመጠ በሳምንቱ ቅጠሉን ይጥል ጀመር። በረንዳችን ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ የሚጎበኘን ለአመል ያህል ነው። አረንጓዴው ቅጠል ምንም ሳይሆን ጠብ ጠብ ይላል፤ አበቦቹም ተከተሉት። ሾፌር ነኝና የቆመ ነገር ባየሁ ቁጥር ውሃ መጨመር ይቀናኛል። ጠዋት አጠጣሁት፣ ማታም አጠጣሁት። ውሃው በባልዲው ቀዳዳ እየወረደ የበረንዳውን ሊሾ ሲያቆሽሽብኝ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፍኩት። የራዲያተር ስንጥቅ የደፈንኩ ያህል ኮራሁ።

ከዚያ ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ መርገፍ ያዙ። አሁንስ ርቦት ነው አልኩ። ለኅዳር ሚካኤል ባለቤቴ ጠላ ጠምቃ ስለነበር አተላው ተቀምጧል። የኛ አተላ የታወቀ ነው፤ የጎረቤቱን በሬ ጎኑ እስኪድቦለቦል ያሰባው እሱ ነው። በሬ ያሰባ ነገር ለሎሚ ቢያቀምሱት ምን ይለዋል ብዬ፣ ገና የሚፈላውን በጣሳ ቀድቼ ገለበጥኩበት። በረንዳው ጠላ ቤት ጠላ ቤት ሸተተ። እንግዳ የመጣ ሁሉ ወዴት ነው ቀጂው ይል ጀመር።

ለልብስ ሰፊው ይህን በስልክ ስነግረው በዚያ በተሰነጠቀ ትንፋሹ፣ «እኔ ዕድሜ ልኬን ያልቀመስኩትን ለሎሚዬ አጠጣኸው? ከእንግዲህ እንዴት አድርጎ ነው ከኔ ጋር የሚሰግደው?» አለኝ። ስቆ ስቆ ሳሉ ተነሳበትና ልጁ ስልኩን ተቀበለችው።

ታኅሣሥ ሲገባ ውርጩ መጣ። ልብሱን አላለበስኩትም። ሎሚ ልብስ ለብሶ ከሱ ሱቅ በቀር የት አይቼ አውቃለሁ? አንድ ጠዋት ስነሳ የቀረው ቅጠል ሁሉ ቡናማ ሆኖ፣ ተጨማድዶ፣ ግን ሳይወድቅ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። እሰይ፣ መርገፉ ቆመ ብዬ ባለቤቴን ጠራኋት።

በማግስቱ ከታች ሰፈር አንዲት የግብርና ባለሙያ መጣችልን፤ እናቷ ከባለቤቴ ጋር አንድ ማኅበር ትጠጣለች። ባልዲውን ዞር ዞር ብላ አየችና የደረቀውን ቅጠል በጣቷ ሳብ አደረገችው። አልላቀቅ አላት።

«ቅጠል መጣል የዛፉ የራሱ ሥራ ነው አባቴ» አለች። «መጣልም ጉልበት ይጠይቃል። ቦታ ሲቀየርበት አረንጓዴውን ጥሏል፤ ያኔ ፀሐይ ላይ ቢተዉት ይመለስ ነበር። ውሃ ሲበዛበት ቢጫውን ጥሏል፤ ያኔም ቀዳዳውን ከፍተው ቢያደርቁት ይመለስ ነበር። ይኼን ግን መጣል አቅቶታል።»

ከባልዲው አውጥተን ሥሩን አየነው። አብዛኛው ጠቁሮ፣ ሲነኩት ልጣጩ እንደ ረጠበ ክር እጅ ላይ ይቀራል። የበሰበሰውን ቆረጠች፤ አዲስ አፈርና አሸዋ ቀላቅላ መልሳ ተከለችው። አፈሩ እስኪደርቅ ውሃ እንዳላጠጣው፣ ፀሐይ ወዳለበት እንዳዞረው፣ እስኪያገግም ማዳበሪያም ሆነ አተላ እንዳላቀምሰው ነገረችኝ። ከሄደች በኋላ የደረቁትን ቅጠሎች አንድ በአንድ እየነቀልኩ መሬት ላይ በተንኩ። በራሱ የጣላቸው እንዲመስል ነው። ማንን እንደማታልል እስካሁን አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አሳይታኝ ነበር፤ ቅርፊቱን በጥፍር ትንሽ ፋቅ ሲያደርጉት ከውስጥ አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ አለው ማለት ነው። ያን ዕለት ከግንዱ ሥር አረንጓዴ ነበር። ይህን ባታሳየኝ ይሻል ነበር። በነጋታው ፋቅሁ፤ ሌላ ቀንም ሌላ ቦታ ፋቅሁ። ሞተር በየማለዳው ፈትቶ ደህና መሆኑን የሚያይ መካኒክ ሆንኩ። ፋሲካ ሲደርስ ግንዱ ዙሪያውን ተልጦ መፋቂያ መስሎ ነበር። መጨረሻ ያየኋትን አረንጓዴ የፋቅኳትም እኔው ነኝ።

ከአተላው በቀር ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። በደወለ ቁጥር «ሎሚዬስ?» ይላል፤ እኔም «እያረፈ ነው» እላለሁ። እሱም «እኔም እያረፍኩ ነው» ይላል። የዛሬው ጠዋት ስልክ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

አቆጠቆጠልህ ስለው፣ «ስንት ቅጠል ነው?» አለ።

«አንዲት ናት። ግን ጠንካራ ናት።»

«ካፖርትህን አልብሰው። ሰኔ ሳይገባ እመጣለሁ» አለና ዘጋ።

ፌንጣዋ ግንቡን ተሻግራ ከሄደች በኋላ ስልኬ ጮኸ። ልጁ ናት። «አባባ፣ ምን ነግረውት ነው? ከተኛበት ቀና ብሎ ጫማዬን አምጡ እያለን ነው» አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሐኪሞቹ የሚደረግ ነገር የለም፣ ቤቱ ይረፍ እንዳሏቸው ነገረችኝ። ፌንጣ ነበረች ማለት ነበረብኝ። ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች።

«ሎሚው አቆጠቆጠ ብዬው ነው» አልኳት።

«ይሁን» አለች። «ሾርባ ጠጥቷል ዛሬ።»

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ከዘንቢሏ አንዲት ሎሚ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ፤ የሐሙሲት ሎሚ፣ ወፍራም፣ የሚያምር። አልቀለደችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ እንዳለቀለት የገባኝ። አንስቼ አሸተትኩት፤ መንገድ መንገድ፣ ጆንያ ጆንያ ይላል። ልብስ ሰፊው እውነቱን ነው፤ የገበያ ሎሚ ያስታውቃል።

ሲመሽ ካፖርቴን ለብሼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ለሎሚው ላለብሰው ተነስቼ ነበር፤ በረደኝና ተውኩት። የሰፋልኝ ገበር እስካሁን አንድ ክር አልለቀቀም። አንድ ሎሚ አለብኝ።