የአባቴ መጽሐፍ ጀርባ

አባቴ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ሳንሱር አልፎም ታተመለት። መታተሙ ምን ሊረባ፣ የሚያነበው ጠፋ። አባቴን ያንገበገበው ግን እናቴ አለማንበቧ ነው። "ከተማው ይቅርብኝ፤ እናትሽ ብቻ ባነበበችልኝ" ይለኝ ነበር።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ሳንሱሩን ፈርቶ መጽሐፉ ጀርባ ላይ "ይህ ድርሰት የሰፊውን ሕዝብ መራራ ትግል ቁልጭ አድርጎ በማሳየት አድኃሪያንን ያጋልጣል" ብሎ ጻፈበት። ውስጡ የለየለት የፍቅር ታሪክ! ሰው ገልበጥ አድርጎ ያያል፣ የውይይት ክበብ ጽሑፍ ይመስለዋል፣ ቀስ ብሎ ቦታው ይመልሰዋል። እናቴማ "የቀበሌው ስብሰባ አነሰኝና ነው ቤቴ ድረስ የሚመጣው?" አለች። አልፈርድባትም።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ምላሴ ደግሞ አያርፍም። "አባዬ፣ ጀርባውን እኔ ልጻፍልህ" አልኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት ሙሉ ገጽ ወጣው፤ ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ መጨረሻውን ጭምር። አባቴ አነበበና "ሁሉን ከዘረገፍሽው ሰውየው ምን ሊያነብ ነው?" አለኝ። ተናደድኩ። እውነቱን መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ቀድጄ ጣልኩና እንደገና ጻፍኩ፦ "አንዲት ሴት በየቅዳሜው ወደ መተሐራ ትሄዳለች። ትኬት ቆራጩ ይወዳታል፤ ነግሯት ግን አያውቅም። ሁልጊዜ ደርሶ መልስ ነበር የምትቆርጠው። ዛሬ መሄጃ ብቻ ጠየቀችው።" እዚያ ላይ አቆምኩ። አንዱ መጽሐፍ ጀርባ ላይ በሙጫ ለጠፍኩትና ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት።

እናቴ አቧራ ስትወለውል አገኘችው። ቆማ አነበበች።

"እና ቆረጠላት?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ፤ አንብቢያ።"

ሦስት ቀን ከእጇ አልወረደም። ሽሮው ሁለቴ አረረ። አባቴ ያረረውን ሽሮ "እንዴት ይጣፍጣል!" እያለ በላ፤ ስለ መጽሐፉ ግን ትንፍሽ አላለም። ፈርቶ ነበር፤ አንጀቴን በላው።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲገባ እናቴ መጽሐፉን ዘግታ ጠበቀችው።

"መጨረሻ ላይ ልጅቷን ለምን ሄዳ ቀረች አልክ?" አለችው። "እኔ መች ሄጄ ቀረሁብህ? ይኸው አለሁ አይደል?"

አባቴ አቀረቀረ። "ያን ቀን ትኬቱን ስሰጥሽ የምትመለሺ አልመሰለኝም ነበር" አላት።

እናቴ "ሞኝ" አለችውና መጽሐፉን ትራሷ ሥር ከተተችው።