ለአያ ፈንታ ያልተረጎምኩት መልስ

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። በሥራዬ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ እንግዳ ይመጣል፣ ይሄዳል። ይህን ግን ልረሳው አልቻልኩም። ሙሉውን ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ይሆናል።

ሁለት ፈረንጆች ይዤ ከስሜን ተራሮች እየተመለስኩ ነበር። ሰውየው ስድሳ ዓመት የተጠጋው ነው፤ ሴትዮዋ በዕድሜ ታንሰዋለች። ሁለቱም ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚያስተምሩ ናቸው። ከደባርቅ እስከ ዳባት ድረስ ሲከራከሩ መጡ። መጀመሪያ የተጣሉ መስሎኝ ነበር። ሳዳምጥ ግን ክርክሩ ጠላቂ ከጥልቅ ውኃ ሲወጣ የት ላይ ቆም ማለት አለበት የሚል ነው።

ሴትዮዋ አስረዳችኝ። ሰው ጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚተነፍሰው አየር ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከወጣ፣ ተንጦ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ደሙ ውስጥ አረፋ ይነሣል። ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም። ስለዚህ የሚወጣው እየቆሙ ነው። የት ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም የሚናገር ሰንጠረዥ አለ። የድሮው ሰንጠረዥ ወደ ላይ ከቀረብክ በኋላ ቁም ይላል። ኋላ የመጡት ደግሞ ገና ታች ሳለህ፣ ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ጀምር አሉ። እሷ በዚህ ታምናለች። ሰውየው ብዙ ዓመት እንዲሁ ሲያስተምር ኖሮ ሐሳቡን ቀይሯል። "ታች ስትቆም ሰውነትህ ገና እየሞላ ነው" ይላታል።

እኔም ሳላስበው፣ "እኛ ሰፈር ጠላቂ የነበሩ ሰው አሉ" አልኳቸው። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

አያ ፈንታ ከአባቴ ከሐጂ ሰይድ የጨርቅ ሱቅ አጠገብ የውኃ ፓምፕ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ላይ የሰመጠ ዕቃ ያወጡ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለ ባሕር ግን አያወሩም። የጠየቃቸው ሰው ካለ "ውኃ ውኃ ነው" ብለው ወደ ፓምፓቸው ይመለሳሉ።

በማግስቱ እንግዶቹን ወሰድኳቸው። ጠላቂዎች መሆናቸውን ስነግራቸው አያ ፈንታ መፍቻውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነን ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ማውራት ጀመሩ።

ገብሬ የሚባል ጓደኛ ነበራቸው፤ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ። ሁለቱም የደጋ ሰዎች፣ ሁለቱም ባሕር አይተው የማያውቁ፣ አብረው ተቀጥረው አብረው መጥለቅ ተማሩ። አንድ ቀን አያ ፈንታ የተወሳሰበ ገመድ ሲፈቱ ግማሽ መንገድ ላይ ዘገዩ። የዚያን ቀን ሲወጡ ድካሙ ቀለላቸው። ከዚያ ወዲህ ከሰንጠረዡ ውጪ ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ልማዳቸው ሆነ።

"አንድ ቀን ገብሬ እንቢ አለኝ" አሉ። "እንውጣ ብሎ በአውራ ጣቱ ያሳየኛል። እኔ ክንዱን ይዤ አስቆምኩት፤ ለበጎ ነው ብዬ። አየሩ ሊያልቅብን ሆነና ላይኛው መቆሚያ ላይ የሚገባውን ያህል ሳንቆም ወጣን። እኔ ደህና ነኝ። እሱ ጀልባው ላይ ተኝቶ 'እግሬ የታለ?' አለኝ፤ እግሩ እፊቱ ተዘርግቶ እያየው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።"

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አዩት። "በል ጠይቅልኝ፤ ባልይዘው ኖሮ ይተርፍ ነበር?"

ጠየቅኩላቸው። ሰውየው፣ "እውነቱን ከፈለጉ" አለ፣ "ዛሬ በምናውቀው፣ ታች የቆሙበትን ደቂቃ ላይኛው መቆሚያ ላይ ቢያሳልፉት የመትረፍ ዕድሉ ይሻል ነበር። ያኔ ግን ይህን ማን ያውቅ ነበር? እኔም ስንቱን ሰው እንደዚያ አስተምሬያለሁ። ይህንንም ንገራቸው።"

ሴትዮዋ ጣልቃ ገባች። "በአንድ ሰው ሞት እንዲህ ማለት አይቻልም። የሰው ገላ ይለያያል። ሰንጠረዡን ጠብቆ ወጥቶም የሚሞት አለ" አለችው። እንደገና መከራከር ጀመሩ። አያ ፈንታ ግን የሚያዩት እነሱን አልነበረም፤ የእኔን አፍ ነው።

"ምን አሉ?"

"ትክክል ነበሩ ይሉዎታል፣ አያ ፈንታ። እርስዎ ስለያዙት አይደለም የሞተው አሉ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

አስቤበት አይደለም። ከአፌ ወጣ። አያ ፈንታ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በቱታቸው እጅጌ ሸፈኑ። ፈረንጁ እንባቸውን ሲያይ እውነቱን የሰሙ መሰለው። ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ያዘ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር። ቅዳሜ ዕለት አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ለብሰው ሱቃችን መጡ። "ተነስ፣ አምባ ጊዮርጊስ እንሂድ" አሉኝ። የገብሬ እናት እሜቴ ስንዱ በሕይወት አሉ። አያ ፈንታ በየዓመቱ ይጠይቋቸዋል፤ የነገሯቸው ግን ልጅዎ በድንገተኛ ሕመም ሞተ ብለው ነው።

"አሁን እውነቱን ልነግራቸው ነው። አንተ ምስክሬ ነህ" አሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ስለ ብርዱ አወራሁ። አንዴ ስለ አባቴ ጉልበት ሕመም።

እሜቴ ስንዱን ደጃፋቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘናቸው። አያ ፈንታ ሳይቀመጡ ሁሉንም ነገሯቸው። የገብሬን ምልክት፣ ክንዱን መያዛቸውን፣ እግሬ የታለ ማለቱን ሳይቀር። በመጨረሻም "አዋቂዎቹ ግን ትክክል ነበርክ ብለውኛል" አሉ።

እሜቴ ስንዱ ሰፌዱን ከጉልበታቸው አውርደው ወደ እኔ ዞሩ።

"በጆሮህ ሰምተሃል?"

"አዎ፣ እሜቴ።"

"እስላም ነህ መሰለኝ። በል በሃይማኖትህ ማልልኝ።"

አያ ፈንታን አየኋቸው። እንደ ሕፃን ነበር የሚያዩኝ።

"ወላሂ" አልኩ።

"የትኛዋ እጅ ናት?" አሉ እሜቴ ስንዱ። አያ ፈንታ ቀኛቸውን ሰጧቸው። የሚመቷት መስሎኝ ነበር። በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሟት። "እኔ ሳልደርስለት አንተ ይዘህልኛል" አሏቸው። አያ ፈንታ እግራቸው ላይ ወደቁ። እኔ ወደ አጥሩ ዞርኩ።

አያ ፈንታ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሌላ ሰው ሆነው ነው የኖሩት። ስለ ምጽዋ ያወሩ ጀመር፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዓሣው ቀለም፣ ገብሬ ጨዋማውን ውኃ መጀመሪያ ሲቀምስ ስላደረገው ነገር። እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። ሲሞቱም አልጋቸው ላይ በሰላም ነው። በቀብራቸው ቀን እሜቴ ስንዱ ከሰው መሐል አይተውኝ መረቁኝ። ምርቃቱን ቀና ብዬ መቀበል አቃተኝ።

ፈረንጁ ኢሜይል ጽፎልኛል። "ለሽማግሌው የተናገርኩት ቃል እስከ ዛሬ ይረብሸኛል። እውነቱን መስማታቸው ጎዳቸው ወይስ ጠቀማቸው?" ይላል። መልስ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቻለሁ። ለእሱም እውነቱን የመንገር ዕዳ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እሱም በተራው የሚጨነቅላቸው ተማሪዎች አሉት።

ዛሬም እንግዳ ይዤ ስተረጉም፣ የአገሬ ሰው ዝም ብሎ አፌን ሲያየኝ የተባለውን ደግሜ እጠይቃለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ውኃ እንግዛ የሚል እንግዳ ካለ፣ ዳባት እንገዛለን እላለሁ።

ባለፈው ረመዳን አንድ ሼህ ዘንድ ሄጄ ጉዳዩን አወራኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። "ሰውን ከሰው ለማስታረቅ፣ የተሰበረ ልብ ለመጠገን ብለህ ከሆነ አላህ ይምርሃል፤ ልብህን አታስጨንቅ" አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

የነገርኳቸው ስለ ውሸቱ ነው። ስለ መሐላው አልነገርኳቸውም።