መዳብ ላይ ያበቀልኩት ጢም

ይህን ነገር ለሚስቴም፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ተንፍሼ አላውቅም። አንተ አንባቢዬ ፊትህ ስለማይታየኝ ይቀለኛል። በመዳብ መረብ ላይ ጢም ያበቀልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ፣ ሀዋሳ ላይ ነው። አሞራ ገደል ያለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን ሐይቁ ውስጥ በናይለን መረብ የታጠረ የዓሣ በረት ነበረው፤ ቆሮሶ እናረባበት ነበር። ናይለን ውሃ ውስጥ ሲሰነብት አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይወርሰዋል። እኛ ጢም እንለው ነበር። ጢሙ የመረቡን ቀዳዳ ሲደፍነው ንጹህ ውሃ አይገባም፣ ዓሣው ይታፈናል። ስለዚህ እየጠለቀ የሚፍቀው ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም እኔ ነበርኩ። ቀበሌው ሥራ የሌለውን ወጣት ሁሉ ለውትድርና ይመለምል ስለነበር፣ ያ ጢም እንጀራዬ ብቻ ሳይሆን ነፍሴም ነበር።

ኋላ ጓድ ሰናይት የምትባል የዓሣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተመድባ መጣች። ለፍታ፣ ደጅ ጠንታ፣ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ መረብ አስመጣች። «ዳንጊሶ፣ ከእንግዲህ ተገላገልክ። መዳብ ጢም አያበቅልም» አለችኝ ደስ ብሏት። እኔ የሰማሁት ግን «ዳንጊሶ፣ ጠመንጃህን ተሸከም» የሚል ነበር።

እውነቷን ነው። መረቡ ትንሽ ጠቆር ከማለቱ በቀር ጢም የሚባል ነገር አልነካውም። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ከአሮጌው ናይለን ላይ ጢም ፍቄ፣ በማጥመጃ ክር እየቋጠርኩ መዳቡ ላይ አሰርኩት። እኔ። በገዛ እጄ። እንዳይጠረጠር ብዬም በጣቶቼ አበጠርኩት። ጓድ ሰናይት ዋና ስለማትችል ጀልባ ላይ ሆና ነው የምትመለከተው። እኔ ከስር የመረቡን ጫፍ ብቅ አደርግላታለሁ፣ እሷ ትደነግጣለች። ይህም አልበቃኝም፤ በሄድኩ ቁጥር እጨምርበት ስለነበር በመጨረሻ መዳቡ ከናይለኑ የባሰ ጢማም ሆነ። አንድ ቀን ፊቷን አይቼ ሳቄን ስታገል ውሃ ጠጥቻለሁ። ይህንንም ጨምረህ ቁጠርብኝ።

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን ነገሩን በቀላሉ ፈታው፦ መረቡ ከወዳጅ አገር የመጣ ስለሆነ ሊሳሳት አይችልም፤ ስለዚህ የተሳሳተችው ባለሙያዋ ናት። ግለ ሂስ እንድታደርግ ታዘዘች። እሷም ተነሥታ ያላጠፋችውን ጥፋት ተናዘዘች። የሕዝብ ሀብት አባከንኩ አለች። የሐይቁን ጠባይ ሳላጠና ቸኮልኩ አለች። ድምጿ ሲሰበር ሰማሁ። ጥፋተኛው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይመለከት ነበር። ለምን አልተነሣሁም? ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ ግን እኔም አጨበጨብኩ፤ ያን ያህል ሞቅ አድርጌ እንዳጨበጭብስ ማን አዘዘኝ?

ከመቀመጧ በፊት አንድ ነገር ጨመረች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔን ወደፈለጋችሁበት መድቡኝ። ይህን ልጅ ግን ለውትድርና እንዳትሰጡብኝ። እሱ ባይኖር ዓሦቹ በእኔ ስህተት አልቀው ነበር።» ሊቀመንበሩ ቃሏን ተቀብሎ ለቀበሌው ነገረልኝ።

የዓሣ ባለሙያዋን ወንዝ እንኳ ወደሌለበት ወረዳ አዛወሯት። እኔ ቀረሁ። ከአብሮ አደጎቼ ሄደው ያልተመለሱ አሉ፤ እኔ አግብቼ ወለድኩ። ነፍሴን ያተረፈችልኝ እኔው ያዋረድኳት ሴት ናት። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ አይደለም።

የሄደች ዕለት ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ በመስኮት ብቅ አለች።

«ዳንጊሶ፣ አደራ፣ ያን መዳብ አልፎ አልፎ እየው። እኔ እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም» አለችኝ።

«እሺ ጓድ፣ አየዋለሁ» አልኳት።