የካርቶኑ ታንክ ብየዳ

ልጅነቴን የማስታውሰው በጠረኑ ነው። ቤታችን ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ስለነበር ጠዋት በር ስንከፍት ቀድሞን የሚገባው የቀለምና የተቃጠለ ብረት ሽታ ነበር። በክረምት ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣና ይቀላቀልበታል። ዛሬም ብየዳ በሚሠራበት ደጃፍ ሳልፍ እርምጃዬ ይዘገያል።

አባቴ በያጅ ነበር። ወሰን ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ለብዙ ዓመት በጦር ሠራዊቱ የጥገና ክፍል ታንክ ሲበይድ ኖሯል። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ ስለዚያ ዘመን አያወራም ነበር። አምስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ ተጋረዱ። መጀመሪያ የብየዳው መስመር ጠፋበት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። ሥራውን ትቶ ቤት ዋለ። ሐኪሞች በኦፕራሲዮን ይነሳል ብለው ቀጠሮ ሰጥተውት ነበር፤ እሱ ግን አልሄድም አለ። አንድ የሥራ ባልደረባው ታክሞ ጭራሹን ጨልሞበት ተመልሷል። «የቀረችኝን ጭላንጭል አሳልፌ አልሰጥም» ይላል። እናቴ ትለምነዋለች፣ የጸሎት ቤቷን እህቶች ይዛ መጥታ ታስለምነዋለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ቤታችን ውስጥ ወሬ አነሰ።

በዚያው ሰሞን የእጅ ሥራ መምህራችን ከወዳደቀ ዕቃ አንድ ነገር ሠርታችሁ አምጡ አሉን። ጓደኞቼ አሻንጉሊትና ቅርጫት ጀመሩ፤ እኔ ታንክ መረጥኩ። አሁን ሳስበው አባቴን የማናግርበት ሰበብ ፈልጌ ይመስለኛል። አካሉን ከወፍራም ካርቶን፣ ጎማዎቹን ከቆርኪ፣ የመድፉን ቧንቧ ከእስክሪብቶ ቀፎ ሠራሁ። ካርቶኑ የተጋጠመበት ቦታ ሁሉ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ።

የወሰን ልጅ ለዚህ መላ አያጣም። ጎረቤታችን ጋሽ ሙሰማ የመኪና ቦዲ ሠሪ ነበሩ። የተጋጨውን ቀጥቅጠው፣ ስቱኮ መርገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ቀለም ሲቀቡት አዲስ ይመስላል። በሰፈራችን የጎበዝ ሠራተኛ መለኪያው ብየዳው የት እንዳለ ለመኪናው ባለቤት እንኳ እንዳይታይ ማድረግ ነበር። ስቱኮ ልለምን ስሄድ ጋሽ ሙሰማ ታንኬን አገላብጠው አዩና «ማን ገጭቶት ነው?» አሉኝ። ሠራተኞቻቸው ሳቁብኝ። ቢሆንም ስቱኮውን በጣሳ ክዳን፣ ማድረቂያውን በብጣሽ ወረቀት ለብቻ ቋጥረው ሰጡኝ። መጋጠሚያውን ሁሉ ደፈንኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አሸሁ፣ ከጋራዥ በተራረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። መስታወት መሰለ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ጣቶቹ በጠርዙ ሄዱ፣ ተመለሱ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ታንክ ነው፣ አባዬ።»

«ይሄማ ታክሲ ነው።»

እንባዬ መጣ። ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሰማ መሰለኝ፣ ከተደገፈበት ቀና ብሎ ቁጭ አለ። ታንክ ላይ ብየዳ የሚደብቅ ሰው የለም አለኝ። ብረቱ የመዳፍ ወርድ ያህል ወፍራም ነው፤ ብየዳው እንዳበጠ ይቀራል፣ የሚያሸው ሰውም የለም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቴን ፈለገና ሹሩባዬን በጣቱ ተከትሎ ወረደ።

«እንዲህ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ እየተኛ ይሄዳል። ግን ይሄን ያህል አያምርም፤ የሚሠራው ሰው ይደክመዋል።»

እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ሥራ ጀመርን። በጠርዞቹ ላይ ቀለሙን አስፋቀኝ። ስቱኮውን ፌስታል ውስጥ አስጨምሮ ጫፉን በመቀስ አስቆረጠኝ፤ ስጨምቀው እንደ ክር ቀጥኖ ይወጣል። ሳይደርቅ በትንሿ ጣቴ ጥፍር ግማሽ ጨረቃ በግማሽ ጨረቃ ላይ እየደራረብኩ እጫናለሁ። ሲደርቅ እሱ በጣቱ ያነበዋል። አንዱን ጎን አለመጠን አስተካክዬው ስለነበር አልወደደውም። «በያጁ ኤሌክትሮድ የቀየረበት የታለ?» አለኝ። የሚቀልጠው ዘንግ አልቆ እጅ ቆም ብሎ እንደገና ሲጀምር ትንሽ እብጠት ይተዋል፤ እሱን አስጨመረኝ። መድፉን በተሸከመው ራስ ዙሪያ ያደረግኩትንም አስፋቀኝ። የታንኩ ራስ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ የሚበየደው ክዳኑ ብቻ ነው አለ።

እንዲህ እያለ የዚያ ዘመን ወሬ ራሱ መጣ። ከታንክ ሆድ ሥር በጀርባ ተኝቶ መበየድ፣ በአንገት የሚገባው ፍንጣሪ፣ በበረሃ ፀሐይ እጅ የማያስነካው ብረት። ጎኑ በመድፍ ተበስቶ የመጣ ታንክ ሲጠገን ደግሞ በያጁ ከመግባቱ በፊት ውስጡን የሚያጥብ ሰው ነበር አለኝ። ከዚያ የደረቀውን ጎን በጣቱ መፈለግ ጀመረ። እኔም ስቱኮው እንዳይደርቅብኝ ጥፍሬን መጫን ቀጠልኩ።

በኋላ ስለ ቀለሙ ጠየቀኝ። አረንጓዴ ነው አልኩት።

«ምን ዓይነት አረንጓዴ? እንደ ባሕር ዛፍ ለጋ ነው ወይስ እንደ ትልቁ ቅጠል?»

በመስኮቱ ወደ እንጦጦ አየሁና «አረንጓዴ ነው በቃ» አልኩ። ታንኩን አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው፤ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ዞር አድርጎ እንደገና አስጠጋው። ቀለሙን ሊለየው አልቻለም። ከዚያ አስቀመጠውና ጥግ ላይ ምስር ወደምትለቅመው እናቴ ዞረ።

«ቀጠሮው ማክሰኞ ነው ያልሽው?»

የእናቴ እጅ ቆመ። «ማክሰኞ ነው» አለች ብቻ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ የተለቀመውን ምስር እንደገና ትለቅም ጀመር።

መምህሬ ከአሥር ስድስት ሰጡኝ፤ ጠርዙ ስላልታሸ ነው አሉ። አልተከራከርኩም። አባቴ ታክሞ አንድ ዓይኑ በራለት፣ ሁለተኛው እምብዛም አልሆነለትም። ፋሻው ሲነሳ እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ታንኩን አስመጣና «ቀለሙ የታንክ አይደለም» ብሎ ሳቀ። በዚያች ዓይን በጋዜጣ የወጣውን የመጀመሪያ ዘገባዬን እስከ ማንበብ ደርሷል። ካረፈም ቆየ።

በቅርቡ ለሥራ መገናኛ አካባቢ አንድ ቤት ገብቼ ነበር። ሦስት ወጣቶች ከውጭ በመጣ ፕላስቲክ ትንንሽ ታንኮች ይገጣጥማሉ። አጉሊ መነጽር አላቸው፣ እንደ ፀጉር ቀጥኖ የሚወጣ ማጣበቂያ አላቸው፣ የእውነተኛውን ታንክ የእያንዳንዱን ብየዳ ፎቶ ስልካቸው ላይ ይዘዋል። እውነቱን ለመናገር ሥራቸው ከእኛ የካርቶን ታንክ እጅግ ይበልጣል። ታሪኬን ስነግራቸው አንዱ በጉጉት ጠየቀኝ፤ «አባትሽ የጠገኑት የትኛው ሞዴል ነበር? የት የተመታ?»

አላውቅም አልኩት። አባቴ ከዚያ እሑድ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ሁሌም እዚያው ወሰን፣ ከቤቴ አንድ ታክሲ መንገድ ላይ ነበር። እኔም ሰው እየጠየቅኩ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ያ ጎኑ የተበሳ ታንክ ከመታጠቡ በፊት ውስጡ ማን እንደነበር ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።