ሦስት ጊዜ የጠፋው ገጽ

አባታችንን ቤት ውስጥም የኔታ ነበር የምንላቸው። ተማሪዎቻቸው እንደዚያ ሲሏቸው እየሰማን ስላደግን አባባ የሚለው ቃል አፋችን ላይ ሳይለመድ ቀረ። ዕድሜ ልካቸውን የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ልባቸው ደከመና ጉባኤያቸውን ለተተኪ አስረክበው፣ ከአምበር ከተማ ወዲያ ካለው ደብራቸው ተነሥተው ደብረ ማርቆስ፣ እኔ ቤት መጡ። ሐኪሙ እንዲያርፉ ብቻ መከረን። ዕረፍት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አባቴ አያውቁም ነበር።

እኔ ያኔ በመንገድ በኩል ያለውን የቤቴን ክፍል የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አድርጌው ነበር። የኔታ የተኙት ከግቢው ማዶ ባለው ክፍል ነው፤ ታናሽ እህቴ እዚያው ሆና ታስታምማቸዋለች። አንድ ጧት ቁርሳቸውን መልሰው፣ «ከመምህሬ አፍ የተቀበልኩት፣ የትም ያልተጻፈ ትርጓሜ አለኝ፤ ይዤው ልሄድ ነው» አሉን። እህቴ እንባዋ መጣ። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ፣ «እንጽፈዋለን እንጂ ምን ችግር አለ!» አልኩ።

የኔታ አላመኑም። «መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ ዕቃ ላይ?» አሉኝ።

«አንዲት ፊደል አትጠፋም የኔታ። በእኔ ይሁንብኝ።»

እንዲህ ብዬ ማልኩ። በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህች መሐላ ነው።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከአልጋቸው አጠገብ ተከልኩ። የኔታ ይናገራሉ፣ እህቴ ትጽፋለች። ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ፎልደር የጋራ አደረግሁትና በግቢው ላይ፣ በቤቱ ክፈፍ ስር ኬብል ዘርግቼ እኔ ክፍል ካለው ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። እኔ የፊደል ግድፈት አርማለሁ፣ አትማለሁ። አንዱ ቢበላሽ በሌላው እንዲተርፍ ብዬም በየማለዳው ኮምፒውተሬን ስከፍት በራሱ የሚሠራ አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ። ትእዛዙ የእሷንና የእኔን ፋይል ቀን ያወዳድርና አዲሱን በአሮጌው ላይ ይገለብጠዋል። በዚህ ሥራዬ እንዴት ደረቴን እንደነፋሁ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ለደንበኛ ሁሉ ሳወራ ነበር የምውለው።

አንድ ወር ያህል ያለ እንከን ሠራ። መብራት ሲቆራረጥ አልፎ አልፎ ፎልደሩ አልተገኘም ይለኛል፤ አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል። ከዚያ፣ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ፣ የኔታ አንድ ጧት ሙሉ የተናገሩት ገጽ በማግሥቱ የለም። የፋይሉ መጀመሪያ አለ፤ እኔ ያረምኩትም እንዳለ አለ። ከዚያ በኋላ እህቴ የጨመረችው ግን የእሷም ኮምፒውተር ላይ፣ የእኔም ላይ የለም።

እኔ መቼም ቱግ ባይ ነኝ። ግቢውን በሁለት እርምጃ አቋርጬ በር ላይ ጠራኋት።

«ሴቭ አላደረግሽውም።»

«አድርጌዋለሁ።»

«ብታደርጊውማ ኖሮ የት ይሄዳል? ክንፍ አወጣ?»

በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገች። ቀስ ብላ፣ «ለየኔታ ምን እንበላቸው?» ብቻ አለችኝ። ጠፋ ማለት ለእኔ ሞት ነበር፤ ምዬላቸዋለሁ። ገባሁና፣ «የኔታ፣ ያቺ ቦታ ላይ ገና አልደረስንም፤ ከዚያ ይቀጥሉልን» አልኳቸው።

ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። «ትናንት አላልኳትም?»

«አላሉም የኔታ።»

እህቴ አንገቷን ደፋች። እሳቸውም፣ «እንግዲያው ሳልናገረው በሐሳቤ ነው የቀረው» ብለው ገጹን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ በየመሐሉ ያርፋሉ። ምሳ ሰዓት ድረስ ቆየ።

በማግሥቱ ያም የለም።

ጥፋቱን ኬብሉ ላይ ጣልኩት። እህቴ የየኔታን ነጠላ ያሰጣችበት ገመድ ከኬብሉ ጋር ተጠላልፎ አገኘሁና ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። የኬብሉን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ሰካሁበት፤ ኬብሉ የሚሰካባትን ማከፋፈያ ሳጥንም ቀየርኩ። ደግሞ የሚያናድደው ነገር፣ በዚያው ሰሞን እህቴ በአዲስ ፋይል የጻፈቻቸው ሌሎች ገጾች ደህና ነበሩ። አንዳንዱ ይተርፋል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። ሁሉም ቢጠፋ ኖሮ እኮ ቶሎ ይገባኝ ነበር።

የኔታ ጋ ተመልሼ ያንኑ ውሸት ደገምኩት። በዚህኛው ጊዜ «አላልኩም?» ብለው አልጠየቁኝም። እህቴን አዩና ዓይናቸውን መለሱ፤ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገሩት። እኔ ከእህቴ ኋላ ቆሜ ስትጽፍ ተከታተልኳት። ሴቭ ስታደርግ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ከፍታ አሳየችኝ፣ አለ። ዘጋችው።

ሲነጋ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የለም።

ወደ የኔታ ክፍል ሄድኩ። አሁን እህቴ ጥፋተኛ እንዳልሆነች አውቄአለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም። የኔታ ገና ስገባ ፊቴን አይተው፣ «ያቺን ቦታ አልነገርኳችሁም አይደል?» አሉኝ። ያኔ እውነቱን ማውጣት እችል ነበር። «አልነገሩንም» አልኩ።

ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። «ልጄ» አሏት እህቴን፣ «ከዛሬ ወዲያ አትጻፊ። የተናገረውንና ያልተናገረውን የማይለይ ሰው አያስተምርም። ያለፈውም ምን ያህሉ ልክ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።»

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። እህል ቀመስ አድርገው ይመልሳሉ። ሊጠይቋቸው የመጡ የድሮ ተማሪዎቻቸው ስለ አንድ ቃል ፍቺ ሲጠይቋቸው፣ «እኔን አትጠይቁ፤ ረስቻለሁ» ብለው ሸኟቸው። አባቴ መሬት የላቸው፣ ከብት የላቸው፤ ያላቸው ያ በቃል የያዙት ነበር። እሱን ነበር በሦስት ቀን ውሸት የወሰድኩባቸው። እህቴ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ «ወይ አንተ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። ምክንያቱን ሳላውቅ ምን ብዬ ልንገራቸው አልኳት። ፈሪ ሰው ሰበብ አያጣም።

በአምስተኛው ቀን ደንበኛ ከልክዬ፣ ሱቄን ዘግቼ የእሷ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። የኔታ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። የጠፋባቸውንና ያልጠፋባቸውን ፋይሎች በወረቀት ላይ ለየሁ። የጠፋባቸው ሁሉ እኔ አንድ ጊዜ ከፍቼ ያረምኳቸው ናቸው። እጄ ያልነካቸው በሙሉ ደህና ናቸው። ይህን ሳይ ክው አልኩ።

ከዚያ ቀኖቹን አየሁ። እኔ ያረምኳቸው የዘንድሮ ቀን አላቸው፤ እሷ የጻፈቻቸው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ። የኮምፒውተሩ ባትሪ አልቆ ሰዓቱ ዞሯል ብዬ ልሳደብ አፌን ስከፍት ዓይኔ ጥግ ላይ ካለችው ሰዓት አረፈ። የእኔ ኮምፒውተር አሥር ሰዓት ከሃያ ሲል ይሄኛው አራት ሰዓት ከሃያ ይላል። ወሩ አራተኛ፣ ቀኑ አሥራ ሁለት። ታኅሣሥ ሚካኤል። ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር የሚካኤልን ቀን አያውቅም።

እህቴን በምልክት ጠራኋት። «ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እኔ» አለች፣ ደንግጣ። «የኅዳር ጽዮን ሳናውቅ ባለፈች ጊዜ የኔታ አለቀሱ። ተኝተው ቀን ጠፋባቸው። ዛሬ ማን ነው ሲሉኝ ከዚህ ላይ የማነበው የፈረንጅ ነው፤ እየተሳሳትኩ ነገርኳቸው። ስለዚህ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩላቸው። ወሩ ሠላሳ ሲሞላ ማሽኑ ሠላሳ አንድ ይላል፤ እሱንም በእጄ አስተካክለዋለሁ። ምነው፣ ያበላሻል እንዴ?»

የእኔ ትእዛዝ ቀን አወዳድሮ አዲሱን በአሮጌው ላይ የሚገለብጥ ነው። እሷ ዛሬ የጻፈችው በሰባት ዓመት ያረጀ መሰለው። በየማለዳው፣ ኮምፒውተሬን በከፈትኩ ቁጥር፣ እኔ የነካሁትን አሮጌ ገጽ አንሥቶ የአባቴን ቃል ሲያጠፋበት ከርሟል። እህቴ አንዳች አላጠፋችም። ለአባቷ ቀኑን መለሰችላቸው እንጂ።

አልጋው ግርጌ ተንበረከክሁ። «የኔታ» አልኩ፣ «ነግረውን ነበር። ሦስት ጊዜ ነግረውናል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሰዓቱ ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም። ከግድግዳው ቀስ ብለው ዞሩ። የጠየቁት እኔን አልነበረም።

«ሦስት ጊዜ ብዬሻለሁ?»

«አዎ የኔታ።»

«ሦስቱም አንድ ነበሩ?»

«አንድ ነበሩ። አንዲት ቃል አልተለወጠችም። በሦስተኛው ላይ እኔም በልቤ አብሬዎት እል ነበር።»

«እስቲ በይው» አሉ፣ ተማሪ ፊታቸው ሲቀመጥ እንደሚሉት።

እህቴ ጉባኤ ተቀምጣ አታውቅም። እጇን አጣምራ ጀመረች። አንዱን አንድም የሚለውን ፍቺ ጨርሳ ወደሚቀጥለው ስታልፍ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እሷ ስታርፍ ያርፋሉ። እስከ መጨረሻው ሄደች። ስታበቃ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ።

«አልጎደለም» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጠፋ ብትለኝ አንድ ቀን አዝን ነበር፣ በቃ። አንተ ግን ራሴን አሳጣኸኝ።» የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። «ተነሥ» አሉኝ። «እዚያ ተቀመጥ። እሷ ትበል፣ አንተ ጻፍ። እኔ እሰማለሁ።»

ተቀምጬ ጻፍኩ። የሳትኩትን ፊደል እህቴ በጣቷ እያሳየችኝ አረምኩ። ያን ዕለት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «ቀጥል፣ እንዳይደክማቸው» አለችኝ።

ትእዛዙን አጠፋሁት። ሰዓቱን ግን አልነካሁም። ከዚያ ወዲያ የተጻፈውን በፍላሽ እየገለበጥኩ ግቢውን በእግሬ እመላለስ ነበር፤ ሳልፍ የኔታ ዛሬ ማን ነው ይላሉ፣ እህቴ አንብባ ትነግራቸዋለች። ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። ትርጓሜው ሁሉ አላለቀም፤ ያቺ ገጽ ግን አለች። ተማሪዎቻቸው ሊያሳትሟት ሲመጡ የፋይሉን ቀን አይተው፣ ይሄ ተሳስቷል፣ በዚያ ዘመን ይሄ ኮምፒውተር መች ነበረህ ይሉኛል። ቀኑስ ልክ ነው እላቸዋለሁ።